ከሸክላው ጀርባ

ሰድበሪ፣ ኤልም መንገድ ላይ፣ ምድር ቤት ነው የምኖረው፤
ከራስጌዬ በላይ አንድ ቧንቧ አለ፣ ሌሊት ሌሊት የምሰማው፤
ሙቅ ውሃ ሽቅብ ሲወጣ አንዴ ያስላል፣ አንዴ ያፏጫል፤
መሃሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ስርጉድ ይታያል።

አከራዬ ኦዴት ሻርቦኖ፣ ዕድሜዋ ሰባ አራት፣
ኪራይ ልትቀበል ስትወርድ፣ ከሰላምታዋ በፊት
ያንን ስርጉድ በጣቷ ትነካለች።
«ምን ሆኖ ነው?» ስላት ሳቀች፤
ደረጃው ላይ ተቀምጣ ወጉን ጀመረች።

አራት ነበሩ። ስማቸውን «ዝቃጭ» አሉት፣
ሌሊት ከማቅለጫው አምጥተው በኮረብታው ቁልቁል በሚደፉት
በቀዩ፣ በሚንተከተከው የኒኬል አተላ።
ቶይቮ ጊታር፣ ቦህዳን ከበሮ፣
የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ክላይቭ ድምፃዊ፣
እሷ ቤዝ፤ ያውም የውሰት፣ ያውም አንድ ክሩ የጎደለ።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ፤ የካቲት፤
ካልሲ በካልሲ ደራርበው፣ በድንች ጆንያው ጥጋት፣
በሰዓት በተከራዩት መቅረጫ
«ደጅሽ ላይ ነኝ» የምትል ዘፈን ሊቀዱ ቆሙ።

ፎቅ ላይ ደግሞ አርማን፣ አባቷ፣
ሌሊቱን ከመሬት በታች ድንጋይ ሲፈነቅል ያደረ፣
እንቅልፍን ደጅ ሲጠና ረፋዱ ላይ ቀረ፤
ትራሱን ጆሮው ላይ ደፋ፣ ተገላበጠ፣ ተራገመ፣
በመጨረሻ ከአልጋው ሥር መፍቻውን ስቦ
ቧንቧውን፦
ኳ! ኳ! ኳ!

ትርጉሙ «ዝም በሉ» ነው።
በዚያ ቤት ቋንቋ ከዚህ የጠራ ዓረፍተ ነገር የለም።
ግን ክላይቭ «ክፈቺልኝ» ብሎ ትንፋሹን ሲስብ
ምቱ በዚያች ክፍተት ገባ፣ ልክ በልኩ።
ቦህዳን ዱላውን አየር ላይ ሰቅሎ ቀረ።
ማንም አላቋረጠ፤
ኪራዩ ይቆጥራላ!

ቶሮንቶ ያሉት ሰዎች ዘፈኗን አልወደዷትም፤
ፊተኛውን ገጽ ቫዮሊን ላለበት ሌላ ሰጡ፣
ይቺን ከሸክላው ጀርባ ወረወሯት፣
እንደ ጓዳ ዕቃ።
ከስድስት ወር በኋላ፣ ዊንዘር፣ የሌሊት ጣቢያ፣
እንቅልፍ የተጫነው አስተዋዋቂ ሸክላውን ገልብጦ አስቀምጦ
ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ።
ሲመለስ ስልኩ ይጮኻል፤
ከወንዙ ማዶ፣ ከዲትሮይት፣ ከመኪና ፋብሪካ፣ አንዲት ሴት፦
«ያንን በር የሚያንኳኳውን ድገምልን፣
ፈረቃው በሙሉ ሥራ አቁሞ ይጠብቃል።»

ከዚያማ ምን ይወራል።
በመስከረም የሠንጠረዡ አናት ላይ ወጣች።
አንዱ ጋዜጣ «ሦስቱ ምት የአፍቃሪ ልብ ነው» ሲል
ሌላው «የለም፣ የተዘጋ ዘመን በር ነው» ይል፤
በሆኪ አዳራሽ አሥራ አምስት ሺህ ሰው ወለሉን በእግሩ ሲደበድብ፦
ኳ! ኳ! ኳ!
ዝም በሉ እያለ፣ ዝም ሳይል።

ውሉን ያነበበ አልነበረም።
ወርቁ ሸክላ ከአሳታሚው ግድግዳ ተሰቀለ፤
ለነሱ የደረሳቸው ሰሙ፣ እሱም ቶሎ ቀለጠ።
ቶይቮ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፣ ክላይቭ ጠጣ፣
ቦህዳን ዊኒፔግ ወርዶ ጎማ ሸጠ።

ባለፈው ሰሞን ቅርስ ሰብሳቢ ነኝ ያለ ሰው መጣ፤
ቧንቧውን ቆርጬ ልግዛው አለ፤ ዋጋውን ስሰማ እኔ ላብ አጠመቀኝ።
ኦዴት «ውሃ ይሄድበታል» አለችና
በሩን ዘጋችበት።

ከዚያ ነው፣ ድምፅዋን ዝግ አድርጋ፦
«ሦስት አይደለም። አራት ነበር።
አራተኛውን ለሬዲዮ ረዘመ ብለው ቆረጡት።
ደግሞም ከቧንቧው አይደለም፣
ከዚህ ነው፣ ከደረጃው፤
አባቴ በውስጥ ሱሪው፣ መፍቻውን እንደጨበጠ ወርዶ፣
ሊቆጣ አፉን ከፍቶ፣
ሳያውቀው፣ በተረከዙ፣ አንዴ...»

እጇን አነሳች፣ እንጨቱን ልትመታ፤
መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።